ይህ ሂትሲንክ 250 ዋት ይችላል?

በየካቲት ወር መርካቶ ውስጥ የባትሪ ሱቅ ያላቸው አንድ ሰው ደወሉልኝ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አዲስም ያገለገለም ባትሪ ይሸጣሉ። አብዛኛው ለሶላርና ለኢንቨርተር የሚሆን ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው። ያስቸገራቸው ያገለገለው ነው። ቴስተር ሲነካበት 12.7 ቮልት ያሳያል። ገዢ አይቶ፣ ከፍሎ፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ማታ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይቆይ ይሞታል። ጠዋት ሰውዬው ሱቁ በር ላይ ነው።

"ልጄ፣ ለሰው እንዲህ ያለ ነገር መሸጥ አልፈልግም" አሉኝ። "ስንት እንደቀረው ሳላውቅ ዋጋ መጥራት ሰልችቶኛል።"

ቮልት የባትሪን ጤና አይናገርም። ያረጀ ባትሪም ተሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ያሳያል። እውነቱ የሚወጣው ቋሚ አምፔር እየሳቡበት፣ እስከ 10.5 ቮልት ለመውረድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲታይ ነው። በ20 አምፔር ቢሳብ ጤነኛው ባለ 100 ወደ አራት ሰዓት ይቆያል። ጋሼ እስከዚያን ቀን ድረስ አራት የመኪና ፊት መብራት አምፖሎች እያሰሩ ነበር የሚፈትኑት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ባትሪው ሲደክም አምፖሉ የሚስበው አምፔርም አብሮ ይወርዳል። ሂሳቡ ይዛባል።

የሚያስፈልገው ቮልቱ ቢወርድም 20 አምፔሩን የማይለቅ የኤሌክትሮኒክስ ጭነት ነበር። ሰርኪዩቱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ሙቀቱ ነው። 12.5 ቮልት በ20 አምፔር ሲባዛ 250 ዋት ነው። ይህ ኃይል ሞተር አያዞር፣ ብርሃን አይሰጥ፤ እንዳለ ሙቀት ይሆናል። ስድስት የድሮ ባለ 40 ዋት አምፖሎች አንድ ላይ እንደማለት ነው። እሱም የሚወጣው ከቴምብር ብዙም በማይሰፉ ጥቂት የብረት ገጾች በኩል ነው።

ጋሼ ሂትሲንኩንም (ሙቀቱን ተቀብሎ በክንፎቹ ለአየር የሚያስረክበውን ብረት) ፋኑንም ገዝተው ጠበቁኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ይበቃል?

ያለን ዕቃ

ሂትሲንኩ ከተበላሸ የብየዳ ኢንቨርተር የወጣ አሉሚኒየም ነው። ሻጩ "ይሄ እኮ 200 አምፔር ሲበይድ የኖረ ነው፤ 250 ዋት ለሱ ምን አላት!" ብሏቸዋል። አልዋሸም። ግን ያ 200 አምፔር ስለ ሙቀቱ የሚነግረን ነገር የለም። ብየዳ ማሽኑ ኃይሉን ወደ ኤሌክትሮዱ ያሳልፋል። ሂትሲንኩ ላይ የሚቀረው በመንገድ የባከነው ብቻ ነው። እሱም ያለማቋረጥ አይደለም። የብየዳ ማሽን አቅም የሚለካው ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ መበየድ እንደሚችል ታይቶ ነው፤ ቀሪው ማረፊያው ነው። የእኛ መፈተሻ አራት ሰዓት ሙሉ አያርፍም።

ስለዚህ ካሊፐር አውጥቼ ለካሁት። ርዝመቱ 150 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 121። መሠረቱ 8 ሚሊሜትር ይወፍራል። ክንፎቹ 18 ናቸው፤ ውፍረታቸው 2 ሚሊሜትር፣ ቁመታቸው 40። በመካከላቸው 17 ክፍተቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊሜትር። ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ፋኑ ባለ 120 ሚሊሜትር ነው፣ በ12 ቮልት ይሠራል። ወረቀቱ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ አየር ይገፋል ይላል፤ ትልቁ ግፊቱ ደግሞ 70 ፓስካል። አምፔሩን የሚቆጣጠሩትና ሙቀቱ የሚነሳባቸው ትራንዚስተሮች ሞስፌት ይባላሉ፤ የእኛዎቹ አይአርኤፍፒ 260ኤን ናቸው። ጋሼ ሁለት ገዝተዋል። "አንዱ 300 ዋት ይችላል ተባልኩ፣ ሁለቱ ይተርፋሉ" አሉ።

ወደዚያ 300 ዋት እመለስበታለሁ። ብዙ ጎበዝ ቴክኒሻን እሱ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁ።

የዲግሪ በጀት

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሂትሲንኩ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብዬ አልጀምርም። በጀት ነው የማወጣው። ሙቀት ከሞስፌቱ ልብ ተነስቶ የክፍሉ አየር ውስጥ እስኪገባ በርካታ ኬላ ያልፋል። እያንዳንዱ ኬላ ቀረጥ ያስከፍላል። ቀረጡ የሚከፈለው በዲግሪ ነው። ስንት ዲግሪ በኪሴ አለ? የትኛው ኬላ ስንት ወሰደ? ይህን ካወቅኩ የቱን ማስተካከል እንዳለብኝም አወቅኩ።

የሱቁ አየር ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ 30 ዲግሪ ይደርሳል። መነሻዬ እሱ ነው። የሞስፌቱ ልብ በአምራቹ ወረቀት እስከ 175 ዲግሪ ይፈቀድለታል። እኔ ግን ለሰዓታት ለሚሠራ ነገር 125ን አላሳልፍም። በሞስፌቱና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አሳላፊ ፓስታ ይደርቃል፣ አቧራ ይገባል፣ ፋን ያረጃል። ለዚህ ሁሉ ቦታ መተው አለበት። ስለዚህ የማወጣው 95 ዲግሪ አለኝ።

የመጀመሪያው ኬላ አየሩ ራሱ ነው። ሂትሲንክ ሙቀትን አያጠፋም፣ ለአየር ያስረክባል እንጂ። አየሩም እያለፈ ይሞቃል። ስንት አየር እንደሚያልፍ ካላወቅን የቀረው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው 150 ሜትር ኩብ ፋኑ ፊቱ ምንም ሳይጋረድበት ሲዞር ነው። ክንፎች መካከል ግባ ሲባል ይታፈናል። የ17ቱን ክፍተቶች አፍ ብንደምር 3,400 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ የሰው መዳፍ እንኳን አያህልም። 150 ሜትር ኩቡ በዚህ አፍ ለማለፍ በሰከንድ 12 ሜትር መሮጥ አለበት። ፋኑ ለዚያ የሚሆን ጉልበት የለውም። የፋኑን ኩርባ፣ ግፊት ሲጨምር ፍሰቱ ስንት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሳይዝ መገመት ያለበት ሰው ከተጻፈው ሲሶውን ቢወስድ ብዙ አይሳሳትም። እኔም 50 ሜትር ኩብ በሰዓት ያዝኩ። ያኔ በክንፎቹ መካከል ያለው ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት ክንፎቹ የሚጠይቁት ግፊት 20 ፓስካል አካባቢ ይወጣል። ፋኑ ፍሰቱ ሲሶ ላይ ሲሆን ይህን መስጠት አያቅተውም። ግምቱ በሁለት በኩል ቆመ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ትገባለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የፋንና የሂትሲንክ ወረቀት ደግሞ የሚጻፈው ለባሕር ጠለል አየር ነው። ፋን የሚገፋው የአየርን መጠን እንጂ ክብደቱን አይደለም። 50 ሜትር ኩብ ጅቡቲም 50 ነው፣ መርካቶም 50 ነው። ሙቀት የሚሸከመው ግን ክብደቱ ነው። በ30 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.16 ኪሎ ይመዝናል። እዚህ 0.88 ገደማ ነው። ሩቡ የለም! 250 ዋት ተሸክሞ የሚወጣው አየር እዚያ 15 ዲግሪ ይሞቅ ነበር፤ እዚህ 20 ይሞቃል።

ድሬዳዋ ላሉ ደግሞ ሌላ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሯ ከእኛ ይከብዳል። ግን መነሻው 30 መሆኑ ቀርቶ 38 ከሆነ፣ በአየሩ ክብደት ያተረፉትን የቀኑ ሙቀት ይበላባቸዋል።

አየሩ ሲገባ ቀዝቃዛ፣ ሲወጣ 20 ዲግሪ የሞቀ ከሆነ ክንፎቹ በአማካይ የሚያገኙት 10 ዲግሪ የሞቀ አየር ነው። ለአየሩ 10 ዲግሪ ከፈልን።

ሁለተኛው ኬላ ከክንፍ ወደ አየር ነው። አየር የሚነካው ገጽ ተደምሮ 0.217 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ በየክፍተቱ ሁለት ግድግዳና አንድ ወለል ቆጥሬ ነው። 5 ሚሊሜትር በሆነ ክፍተት፣ በ4 ሜትር ፍጥነት፣ አየሩ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በየአንዱ ዲግሪ ልዩነት 25 ዋት ያህል ይወስዳል። ፍሰቱ ገና የተረጋጋ ነው፤ የተረጋጋውን ከታወከው የሚለየው የሬይኖልድስ ቁጥር 1,700 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፋኑን ሁለት እጥፍ ማፍጠን ይህን 25 ወደ 50 አያደርሰውም። የክንፉ ጫፍ ከሥሩ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ከገጹ 94 በመቶውን ብቻ ቆጠርኩ። ሦስቱ ሲባዙ በአንድ ዲግሪ 5.1 ዋት ነው። 250 ለ5.1 ሲካፈል 49 ዲግሪ።

10 እና 49፣ በድምሩ 59። ሂትሲንኩ ከክፍሉ አየር በላይ 59 ዲግሪ ይሞቃል። በ30 ዲግሪ ቀን መሠረቱ 89 ላይ ይቆማል። ያንኑ ስሌት በባሕር ጠለል አየር ስሠራው 53 ወጣ። ከፍታችን ያስከፈለን ስድስት ዲግሪ ነው። ስድስትን ያዙልኝ፤ ከሚመጣው ጋር እናነጻጽረዋለን።

ከበጀቱ 36 ዲግሪ ቀረ።

300 ዋቱ የት ሄደ?

አምራቹ 300 ዋት ሲል የሞስፌቱ ጀርባ 25 ዲግሪ ላይ ተይዞ ነው። ከልቡ እስከ ጀርባው በአንድ ዋት ግማሽ ዲግሪ ይከፈላል። ከ25 እስከ 175 ድረስ 150 ዲግሪ አለ። 150 ለግማሽ ሲካፈል 300። ቁጥሩ የመጣው ከዚህ ነው። ጀርባውን 25 ዲግሪ ላይ የሚይዝ ፋን ግን መርካቶም ሌላም ቦታ አይሸጥም። ጀርባው 89 ዲግሪ ሂትሲንክ ላይ ነው የሚቀመጠው።

በሁለት ሞስፌት እንሞክረው። እያንዳንዱ 125 ዋት ይደርሰዋል። ከልብ እስከ ጀርባ 62 ዲግሪ። የቀረን 36 ነበር፤ እዚህ ላይ በጀቱ አልቋል። ግን እንቀጥል። ጋሼ ከሞስፌቶቹ ጋር ግራጫ የሲሊኮን ፓድ ገዝተዋል፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሂትሲንኩ እንዳያልፍ። እንዲህ ያለ ፓድ በዚህ ስፋት በአንድ ዋት 0.6 ዲግሪ ያህል ያስከፍላል። ለ125 ዋት 75 ዲግሪ! በመጨረሻም ሙቀቱ ከዚያች ትንሽ ገጽ ተነስቶ በ8 ሚሊሜትሩ መሠረት ውስጥ ወደ ክንፎቹ ሁሉ መሰራጨት አለበት። እሱም 22 ይወስዳል።

ድምሩ፦ 30፣ 59፣ 22፣ 75፣ 62። 248 ዲግሪ። ኤሌክትሮኒክስ የሚበየድበት ባለ እርሳስ ቅይጥ 183 ላይ ይቀልጣል። ሞስፌቱ ከዚያም በፊት ሞቷል።

ለጋሼ ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩት። "ታዲያ ትልቅ ፋን እንግዛ?" አሉ። ይህ ማንም የሚያነሳው ጥያቄ ስለሆነ መልሱን በደንብ ሠራሁት። ዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ፋን አገኘን እንበል። ክንፎቹ እንደ ክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ሆኑ፣ 59ኙ ዜሮ ሆነ። 30፣ 22፣ 75፣ 62 ሲደመሩ አሁንም 189 ነው። አሁንም ይሞታል። ፋኑና ሂትሲንኩ ላይ የቱንም ያህል ገንዘብ ብናፈስ ይህን ማሽን አያድኑትም ነበር። ሚሊሜትር የማይሞላው ፓድ ከአንድ ኪሎ አሉሚኒየም በላይ ዲግሪ ይበላ ነበር። ከፍታው ስድስት፣ ፓዱ 75። ገንዘቡም ሐሳቡም መሄድ ያለበት ወዴት እንደሆነ ከዚህ ታየ።

ስድስት ሞስፌት

መፍትሔው ሙቀቱን ማከፋፈል ነው። ስድስት ሞስፌት ካደረግን እያንዳንዱ 42 ዋት ይይዛል። ከልብ እስከ ጀርባ ያለው 62 ወደ 21 ወረደ። መሠረቱ ውስጥ መሰራጨቱ ከ22 ወደ 5 ወረደ። ሙቀቱ ከሁለት ቦታ ሲነሳና ከስድስት ቦታ ሲነሳ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ፓዱን ጭራሽ አወጣሁት። በዚህ ሰርኪዩት የስድስቱም ሞስፌት ጀርባ ከአንድ ሽቦ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ። ስለዚህ እርስ በርስ ቢነካኩ ችግር የለም። በስሱ የተቀባ ፓስታ ብቻ ሲሆን በአምራቹ ወረቀት በአንድ ዋት 0.24 ዲግሪ ነው። ለ42 ዋት 10 ዲግሪ። 75 የነበረው 10 ሆነ።

ይህ ግን ዕዳ አለው። ሂትሲንኩ በሙሉ የባትሪው ፖዘቲቭ ይሆናል። ቁልፍ ወድቆ ሂትሲንኩንና ኔጌቲቩን ቢያገናኝ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቁልፉን ያግለዋል፣ ሰውም ያቃጥላል። ስለዚህ በፕላስቲክ እግር ላይ አቆምነው። ሽፋኑንም ከላሜራ ሳይሆን ከቀጭን እንጨት ሠራነው፣ ከክንፎቹ ራቅ አድርገን። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ማይካ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የማዕድን ገጽ፣ ያስገባ፣ ጥቂት ዲግሪ ይክፈል።

ሌላ ጥንቃቄም አለ። ሞስፌቶችን እግር ለእግር አገናኝቶ ሥራውን ተከፋፈሉ ማለት አይቻልም። እንዲህ ባለ አሠራር አንዱ ትንሽ ከሞቀ የበለጠ ይስባል፤ የበለጠ ሲስብ የበለጠ ይሞቃል። ሁሉንም ጭነት ለብቻው እስኪወስድና እስኪቃጠል ድረስ። ለዚህ ነው ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኦፕ አምፕ (አምፔሩን እያየ ሞስፌቱን የሚያዝ ቺፕ) እና 0.1 ኦም ሬዚስተር የሰጠኋቸው። እያንዳንዱ 3.3 አምፔሩን ብቻ ይዞ ይቀመጣል። ደግሞም ይህን ስሌት ለ48 ቮልት ባትሪ እንዳለ እንዳትገለብጡት። ማብሪያ ማጥፊያ እንዲሆኑ የተሠሩ ሞስፌቶች በከፍተኛ ቮልት በግማሽ ክፍት ሲቆዩ ቺፑ ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻውን ይግላል። አማካዩን የሚያሰላ የዲግሪ በጀት ያን ነጥብ አያየውም።

አዲሱ ድምር፦ 30፣ 59፣ 5፣ 10፣ 21። 125 ዲግሪ። ልክ በጀቱ ላይ፣ ያለ ምንም ትርፍ።

ፈተናው

ወረቀት ላይ የሠራሁትን አላምነውም። ሞስፌቶቹን ከመግጠሜ በፊት በቦታቸው ስድስት ወርቃማ ሬዚስተሮች አሰርኩ፣ ባለ 50 ዋት፣ 3.9 ኦም የሆኑትን። በ12.7 ቮልት ስድስቱ አንድ ላይ 248 ዋት ይሰጣሉ። ሬዚስተር ቢበላሽ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ በቴስተር በትክክል ይታወቃል። ከፋኑ እስከ ክንፎቹ ከካርቶን መተላለፊያ ቆርጠን በፕላስተር አጣበቅን።

አምስት ደቂቃ እንደሠራ ጋሼ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትራቸውን አነሱ፣ ያን በኮሮና ጊዜ ሁሉም ሱቅ የገዛውን ሳይሆን የፋብሪካውን ዓይነት። መሠረቱ ላይ አነጣጠሩ። 38 ዲግሪ። ፊታቸው በራ። "አየህ፣ ሞቅ እንኳን አላለም!" ብለው እጃቸውን ሊያስቀምጡ ሲሉ ያዝኳቸው።

የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ለኢንፍራሬድ እንደ መስታወት ነው። ቴርሞሜትሩ የሚያየው በአብዛኛው የክፍሉን ግድግዳ ነጸብራቅ ነው። መሠረቱ ላይ ቁራጭ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩና እንደገና አነጣጠሩ። 72። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ በኋላ ቴርሞካፕል፣ ብረቱን ነክቶ ሙቀት የሚለካ ሽቦ፣ በብሎን ሥር አስገብተን በእሱ ብቻ ለካን።

72ቱም የመጨረሻው አልነበረም። ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ አሉሚኒየም አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 880 ጁል ይፈልጋል። ይህን በሂትሲንኩ የአንድ ዋት ቀረጥ፣ 59 ለ250 ተካፍሎ በሚገኘው፣ ስናበዛው በሰከንድ ሲቆጠር ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወጣል። ሙቀቱ ጣሪያው ላይ ለመድረስ የዚህን አምስት እጥፍ ይፈጃል፣ 17 ደቂቃ። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ሦስት አራተኛውን መንገድ ብቻ ነበር የሄደው። ቡና አስመጣን፣ ጠበቅን።

በ25ኛው ደቂቃ ክፍሉ 24.5፣ መሠረቱ 88.5። ልዩነቱ 64 ነው። እኔ 59 ብዬ ነበር። አምስት ዲግሪ የት እንደጠፋ ለማወቅ ቴርሞካፕሉን አየሩ የሚወጣበት አፍ ላይ፣ ብረቱን ሳይነካ፣ በተለያየ ቦታ ያዝኩት። አማካዩ 47.5 ነበር። አየሩ 23 ዲግሪ ሞቋል። የፍሰት መለኪያ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ዋቱ ይታወቃል፣ የአየሩ ሙቀት ለውጥ ይታወቃል፣ የቀረው ማካፈል ነው። በሰዓት 44 ሜትር ኩብ ወጣ። ካሰብኩት 50 ያነሰ ነው። ቀሪው በካርቶኑ ጥግና በክንፎቹ አናት በኩል ያመልጥ ነበር። አናቱን በስስ እንጨት ዘጋነው፣ ጥጎቹን በአሉሚኒየም ፕላስተር አሸግን። እንደገና 25 ደቂቃ። አሁን አየሩ የሞቀው 21፣ መሠረቱ 61።

59 ገምቼ 61 ማግኘት ለእጅ ስሌት ደስ የሚል ነው። ግን በጀቱን በሁለት ዲግሪ አልፏል፣ ዝም ብዬም አላለፍኩትም። ስድስቱ 0.1 ኦም ሬዚስተሮች ከሂትሲንኩ ውጪ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ወደ 7 ዋት ይቀራል። ይህ ብቻ ሁለት ዲግሪ ገደማ ይመልሳል። ባትሪውም 12.5 ላይ ብዙ አይቆይም። 11.5 ሲደርስ ሙቀቱ 230 ዋት ብቻ ነው። ከባዱ መጀመሪያው ነው። ተቀበልኩት።

ሬዚስተሮቹ የፈተኑት ሂትሲንኩንና አየሩን ብቻ መሆኑን መርሳት የለብንም። ገጻቸው ከሞስፌቱ ይሰፋል፣ ስለዚህ ስለ ፓስታውና ስለ መሰራጨቱ ምንም አልነገሩንም። ሞስፌቶቹን ከገጠምን በኋላ አየሩ በሚወጣበት በኩል ካለው ሞስፌት አጠገብ ለካሁ። ከመሠረቱ መሐል ሰባት ዲግሪ ይበልጣል። የመጨረሻው ረድፍ የሞቀ አየር ስለሚደርሰው ይህን ጠብቄ ነበር።

ፋኑ ቢቆምስ?

ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ማሽን ለሰው ማስረከብ አልወድም። 250 ዋት ለ880 ጁል ሲካፈል በደቂቃ 17 ዲግሪ ነው። ፋኑ ድንገት ቢቆም ሂትሲንኩ በየደቂቃው ይህን ያህል ይጨምራል። ጋሼ ደንበኛ እያስተናገዱ ሳለ ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። መሠረቱ ላይ፣ አየሩ በሚወጣበት ጫፍ፣ 100 ዲግሪ ላይ የሚከፈት የሙቀት ስዊች አሰርን። ሲከፈት ሞስፌቶቹ ሁሉ ይዘጋሉ። የፋኑን ሽቦ ነቅዬ ሞከርኩት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቀጥ አለ።

አቧራው ግን ስዊች አይጠብቅም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስመለስ 61 የነበረው 67 ሆኗል። የክንፎቹ አፍ በመርካቶ አቧራ ጢም ብሏል። በቀለም ብሩሽ ጠረግነው፣ 62 ላይ ተመለሰ። ከፍታው የወሰደብንን ያህል አቧራውም በአምስት ሳምንት ወሰደ። ፋኑ ፊት ስፖንጅ ማድረግ አስበን ነበር፤ ስፖንጁ ራሱ ፍሰቱን ስለሚያፍን ተውነው። አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ይጠረጋል።

የመጀመሪያው የተፈተነ ባትሪ በቴስተር 12.7 የሚያሳይ ነበር። በ20 አምፔር ሁለት ሰዓት ከ48 ደቂቃ ቆየ። 56 አምፔር ሰዓት። ጋሼ ማርከር አንስተው ጎኑ ላይ በትልቁ 56 ብለው ጻፉበት፣ ዋጋውንም እንደዚያው ቀነሱት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባለ 24 ቮልቱንም እንፈትን አሉኝ። በዚያው 20 አምፔር። ወረቀቱን ራሳቸው ስበው ሠሩት። 500 ዋት። 61 በእጥፍ 122። በጀቱ 95 ነው፣ ገና ሞስፌቱ ሳይጠየቅ። ቀና ብለው አዩኝ። አሁን ሁለተኛ ሂትሲንክ እየፈለግን ነው።